ብርድና የኩሬ ዓሣ በጎንደር ደጋ

በአውሮፓ ቋንቋዎች የበረዶና የብርድ ወራት የሚባለው ጊዜ ወደ አማርኛ ሲገለበጥ አብዛኛውን ጊዜ «ክረምት» ይባላል። የጎንደር ሰው ግን ክረምት ሲል የዝናሙን ወራት ማለቱ ነው። ውርጩ የሚወርደው በበጋ፣ ሰማዩ ጠርቶ በሚያድርበት በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ነው። ይህ የቃል ልዩነት ለሰዋስው ሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም፤ ስለ ዓሣ ርቢ የተጻፈውን የባዕድ መጽሐፍ እንደ ቃሉ የተከተለ ገበሬ በሐምሌ ተጠንቅቆ በታኅሣሥ ዓሣውን ሊያጣ ይችላልና።

በመካከለኛው አውሮፓ የጾም ሥርዓት ዓሣን እጅግ ተፈላጊ ስላደረገው ታላላቅ ኩሬዎች ተቆፍረዋል። በቦሄሚያ የሚገኘው የሮዥምበርክ ኩሬ ከ1584 እስከ 1590 እ.ኤ.አ. ተሠራ፤ ይህም ጎንደር ከመቆርቆሯ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። በዚያ የሚረባው ካርፕ ብርድ ሲጸና መብላቱን ትቶ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ውሃ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ የኩሬው ፊት በረዶ ቢሆንም ሥሩ ውሃ እንደሆነ ይቈያል፤ ዓሣውም በዚያ ይከርማል። («ከረመ» የሚለው ግስና «ክረምት» ከአንድ ሥር መውጣታቸው እዚህ ላይ ልብ ሊባል ይገባል።)

በጎንደርም ጾምም ነበረ፤ የውሃ ሥራ ዕውቀትም አልጠፋም። በዐፄ ፋሲለደስ (1632–1667 እ.ኤ.አ.) ስም የሚጠራው የመዋኛ ገንዳ በቦይ ከቀሃ ወንዝ እየተሞላ በጥምቀት በዓል ያገለግላል፤ ከዚያ ውጭ በአብዛኛው ደረቅ ነው። እንግዲህ ገንዳው የሚሞላው ሌሊቱ እጅግ በሚቀዘቅዝበት በጥር ወር ነው፤ ሆኖም የተሠራበት ጉዳይ ሌላ ስለሆነ ዓሣ አልታሰበበትም። ለዓሣ ጣና ቅርብ ነበር። ወይጦ የተባሉት የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች በደንገል ታንኳ እየወጡ ያጠምዱ ነበር። በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ጎንደርንና ሰሜንን የጐበኘው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል የጣናን ዓሦች ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ «በሶ» የሚለው ያገር ስም በአንደኛው ዓሣ ሳይንሳዊ መጠሪያ ገብቶ ቀርቷል።

ሐይቁ ብርድን የሚችለው በስፋቱ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሸፍን የአንድ ሌሊት ውርጭ ጥቂት እንጂ ብዙ አይቀንሰውም። ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ብዙ ሰው የሚያስበውን ያህል ጥልቅ አይደለም። ትንሽ ኩሬ ይህ ሀብት የለውም። ዝናሙ ካቆመ በኋላ ውሃው በትነት እየቀነሰ፣ ሰማዩም ደመና አጥቶ ሙቀቱን እየለቀቀ፣ ኩሬው ጥልቀቱን የሚያጣው ሌሊቱ በሚከፋበት ጊዜ ነው። ከጣና የሚገኘው ቆረሶ ደግሞ የሙቅ ውሃ ዓሣ ነው፤ ውሃው ከ16 ወይም ከ17 ዲግሪ በታች ሲወርድ መብላቱን ይተዋል፣ ወደ 11 ዲግሪ ወርዶ ለቀናት ቢቈይ ይሞታል። ከ2,100 ሜትር በላይ በምትገኘው በጎንደር ከተማ ዕድገቱ ይዘገያል፤ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በደባርቅ ግን ጥልቀት የሌለው ኩሬ ለቆረሶ የሚሆን አይመስልም።

ሌላው መንገድ ዓሣውን ከስፍራው ጋር ማስማማት ነው። በባሌ ተራሮች ወንዞች ከኬንያ የመጣው ትራውት የተለመደው ቀዝቃዛ፣ የሚፈስና ንጹሕ ውሃ ስለሚወድ ነው። ካርፕም ከቆረሶ ይልቅ ብርድን ይታገሣል። ቆረሶን በደጋ ማርባት የሚፈልግ ግን ኩሬውን በአንድ ወገን ጥልቅ አድርጎ ሊቈፍር፣ ቀለቡንም በጧት ሳይሆን ውሃው በሞቀበት በከሰዓት በኋላ ሊሰጥ ይገባዋል፤ በብርድ ያልተበላ ቀለብ እየበሰበሰ ውሃውን ያበላሻልና። የደረሰውን ዓሣ ለማውጣት የሚመቸው ጊዜም ኅዳር 15 ቀን የሚገባው የነቢያት ጾም ነው፤ በዚያን ጊዜ ዓሣ የሚፈልግ ገዢ አለ፣ ከባዱ ውርጭም ገና አልጸናም።