የአሊዩ አምባ መንገድና የበዓል መብራት

በራዲዮ ያሰማናችሁን ንግግር እነሆ ዛሬ በጽሕፈት አቅርበንላችኋል። ነገሩ ስለ መብራት ነው፤ ይኸውም ሰው በቤቱ ለእራቱ የሚያበራው ሳይሆን፣ ሕዝብ በአደባባይ ተሰብስቦ በዓሉን እንዲያይ የሚበራው ነው።

ከአንኮበር ቁልቁል የምትገኘው አሊዩ አምባ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ በር ነበረች። ከታጁራ በግመል የመጣው ዕቃ ፋሬ ላይ ይራገፋል፤ ግመል የአንኮበርን ዳገት አይደፍረውምና። ከዚያ ወዲያ በሰው ትከሻና በበቅሎ እየሆነ በአሊዩ አምባ በኩል ይወጣል። በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ ለንጉሡ ያመጣው ገጸ በረከት ያለፈው በዚሁ መንገድ ነው። በ1834 ዓ.ም. ደግሞ ቻርልስ ጆንስተን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በከተማይቱ ተቀምጦ ስለ ገበያዋና ስለ ነጋዴዎቿ በሰፊው ጽፏል።

ከሐሪስ ጋር ማርቲን በርናትዝ የተባለ ሠዓሊ ነበረ። ፎቶግራፍ በፓሪስ ለሕዝብ ከታወቀ ገና ሁለት ዓመቱ ስለ ነበር፣ የሸዋን አገርና የንጉሡን አጀብ ለባሕር ማዶ ሰው ያሳየው በርናትዝ በእጁ የሣለው ሥዕል ነው። በዚያን ዘመን የበዓል ሌሊት መብራት በሕዝቡ እጅ ነበረ። ለመስቀል እያንዳንዱ ችቦውን ራሱ አስሮ፣ ራሱ ለኩሶ ይወጣል። አብሪውም ተመልካቹም ያው አንድ ሰው ነበር ማለት ነው።

ሲኒማ በፓሪስ በ1888 ዓ.ም. ለሕዝብ ከታየ በኋላ ብዙ ሳይቆይ አዲስ አበባ ገባ። ሕዝቡም የሚታይበትን ቤት «ሰይጣን ቤት» አለው። በዚህ የምንስቅ ሰዎች ብንኖር ጥቂት እንታገሥ። ችቦውን በእጁ ይዞ የኖረ ሰው ከጨለማ ቤት ገብቶ፣ ማን እንዳበራው ሳያይ፣ ከበስተ ኋላው በሚወረወር ብርሃን የሰው ጥላ ሲሮጥ ቢመለከት ምን ይበል ኖሯል? ስሙን ያወጣው ድንቁርና ብቻ አይመስለኝም።

አሊዩ አምባ ግን ይህን ሁሉ በሩቁ ሰማችው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች፤ ቤተ መንግሥቱም ከአንኮበር ራቀ። በ1909 ዓ.ም. ባቡር ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሲደርስ የፊልሙ ሣጥንና የመብራቱ ሞተር በድሬዳዋ በኩል መጣ። ዱሮ ለንጉሥ የሚሄድ ብርቅ ዕቃ ሁሉ በደጇ ያልፍ የነበረችው ከተማ ከመንገድ ዳር ቀረች።

ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ የ1923ቱ የዘውድ በዓል በሚታሰብበት ዕለት፣ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ከነበረች አነስተኛ ስቱዲዮ ነው። አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምሻው እዚህ ላይ ነው። የውጭ አገር ፋብሪካ ፊልሙን ሲሠራ ለረጅም ጊዜ በልኩ የወሰደው የነጭ ሰው ፊት ነበር። የእኛ በዓል ግን ጠይም ፊትና ነጭ ነጠላ ጎን ለጎን የሚታዩበት ነው። ካሜራው ለነጠላው ከተስተካከለ ፊት ይጠቁራል፤ ለፊት ከተስተካከለ ነጠላው ነዶ ጥለቱ ይጠፋል። መድኃኒቱ መብራቱን ከፊት ለፊት ከመደገን ይልቅ ወደ ጎን አዙሮ፣ በስስ ጨርቅ አለስልሶ፣ ጉንጭና ግንባርን እንዲዳስስ፣ በነጠላው ላይ ግን እንዳይበረታ ማድረግ ነው። ይህን ከመጽሐፍ ይልቅ እጅ ያስተምራል። በ1977 ዓ.ም. የቀለም ቴሌቪዥን ሲመጣም ችግሩ አልቀረም፤ ጠይሙ ፊት በመብራቱ ጠባይ ቢጫ ወይም ሰማያዊ መስሎ መታየትን ጨመረ እንጂ።

ዛሬ በይፋት ቆላ ሠርግ ሲሠረግ ካሜራ የያዘ ጎልማሳ ከዳሱ ይገባል። መብራቱን ከካሜራው ራስ ላይ አስሮ በሙሽራይቱ ዓይን ላይ ያበራዋል፤ እርሷም ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ከኋላዋ ያሉት እናቶች በጨለማ ይዋጣሉ። አንዳንዱ ብልህ ግን መብራቱን ፈትቶ ለሚዜው ያስይዘዋል። ሚዜውም ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ከጎን ቆሞ፣ ልክ እንደ ችቦ ይይዘዋል።