እያገለገሉ መታደስ፦ የዲስክ ስብስብ ጥገና አጭር ታሪክ



እዚህ አዲስ ቅዳም ዙሪያ፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬው ማሳውን በዲከረንስ ግራር ሲሸፍን በመጀመሪያው ዓመት በችግኞቹ መካከል ጤፍ ይዘራል። መሬቱ ሲያገግም ቤተሰቡ ጦሙን አያድርም። ዛሬ የማወሳው የኮምፒውተር ታሪክም የሚነሣው ከዚሁ ጥያቄ ነው፦ የተጎዳ ነገር አገልግሎቱን ሳያቋርጥ እንዴት ይጠገናል?

እ.ኤ.አ. በ1988 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ ርካሽ ዲስኮችን አስተባብሮ እንደ አንድ የማሠራትን ሐሳብ አቀረቡ። ስሙም ሬይድ ተባለ። በአምስተኛው ደረጃው አንድ ዲስክ ቢበላሽ መረጃው አይጠፋም፤ ከቀሩት ዲስኮች ይዘት በስሌት ይገኛል። ስሌቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ከተበላሸው ዲስክ ጥቂት መረጃ ለማግኘት የቀሩት ሁሉ መነበብ አለባቸው፤ ምትክ ዲስክ ሲገባም ሙሉ ይዘቱ የሚሞላው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ተጠቃሚውና ጥገናው በነዚያው ዲስኮች ይሻማሉ።

በ1990 ሙንትዝና ሉዊ፣ በ1992 ደግሞ ሆላንድና ጊብሰን አንድ መውጫ አሳዩ። መረጃውን በብዙ ዲስኮች ላይ አሰራጭቶ በማስቀመጥ፣ በእያንዳንዱ ጤነኛ ዲስክ ላይ የሚወድቀውን የጥገና ሸክም ማቅለል ይቻላል።

ሊኑክስ በበኩሉ ሁለት ወሰን አበጀ። ሌላ ሥራ በሌለበት ጊዜ ጥገናው በሰከንድ እስከ 200,000 ኪሎባይት ይሮጣል፤ ተጠቃሚ ሲበዛ ደግሞ 1,000 ኪሎባይትን እንደ ዝቅተኛ ወሰን ይዞ ቦታ ይለቃል። እነዚህ ቁጥሮች ተራ አይደሉም። 4 ቴራባይት የሚይዝ ዲስክ በሰከንድ በ100 ሜጋባይት ቢሞላ 11 ሰዓት ያህል ይበቃዋል፤ በዝቅተኛው ወሰን ብቻ ቢጓዝ ግን 45 ቀን ያህል ይፈጃል። በነዚያ ቀናት ሁሉ ሁለተኛ ዲስክ ቢበላሽ የተማሪው ውጤት፣ የመምህሩ ጥናት፣ የጽሕፈት ቤቱ መዝገብ አብሮ ይጠፋል።

እንግዲህ ለዛሬው ተጠቃሚ ፍጹም ምቾት መስጠት ማለት የነገውን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። በእኔ እምነት ዝቅተኛውን ወሰን ከፍ አድርጎ፣ ቀን ጥቂት መዘግየትን መታገሥ፣ ሌሊት ደግሞ ጥገናውን ማፍጠን ይገባል። ይህን የሚወስነው ማሽኑ ሳይሆን ኃላፊነት ያለበት ሰው ነው፤ ለተጠቃሚውም ምክንያቱን አስቀድሞ ማስረዳት አለበት። ሬይድ ደግሞ በሌላ ስፍራ የሚቀመጥ ቅጂን አይተካም።