ከልጁ በፊት ምግቡ

ኦይስተር የሚባለው ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳ እኛ ቤት ማዕድ ላይ አይቀርብም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከባሕር እንስሳት ክንፍና ቅርፊት ያላቸውን ብቻ ይፈቅዳል። ታዲያ አሽዶድ ውስጥ ተቀምጠን ስለሱ ማንበብ ምን ያደርግልናል? ጫጩቱን ለመመገብ የተደረገው ልፋት ለባሕራችንም ትምህርት ስላለው ነው።

ድሮ አርቢዎች ትንንሾቹን ኦይስተሮች የሚለቅሙት ከባሕር ነበር። አዲስ የተፈለፈለው ጫጩት በዓይን አይለይም፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ያህል ሲዋኝ ይቆይና አንድ ነገር ላይ ይጣበቃል። ቤት ውስጥ ለማሳደግ ሲሞክሩ ግን ይሞትባቸዋል። ችግሩ ምግቡ ነበር።

በ1938 ሜሪ ፓርክ የተባለች ተመራማሪ አይል ኦፍ ማን በምትባለው ደሴት፣ ፖርት ኤሪን ላይ፣ ከዓሣ ኩሬ ውኃ አንድ ደቃቅ አልጌ ለይታ አወጣች። አልጌ ማለት ውኃን አረንጓዴ ወይም ቡናማ የሚያስመስለው ነገር ነው። ይሄ ዘር በኋላ አይሶክራይሲስ ተባለ፤ ዛሬም ጫጩት ይመገብበታል።

ከዚያ ተራው የአሜሪካኖቹ ሆነ። ኮኔቲከት ውስጥ በሚልፎርድ ላቦራቶሪ ቪክቶር ሉሳኖፍና ባልደረቦቹ ውኃውን እያሞቁ ኦይስተርን በክረምት አስወለዱ። በ1958 ሃሪ ዴቪስና ሮበርት ጊላርድ 10 የደቃቅ ፍጥረታት ወገኖችን አወዳደሩ። አንዳንዱ ያሳድጋል፣ አንዳንዱ አይረባም፤ ከአንድ ዓይነት ይልቅ ድብልቁ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። በ1962 ደግሞ ጊላርድና ጆን ራይተር አልጌው ራሱ የሚያድግበትን የማዳበሪያ ቅመም ጻፉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጫጩቱ ከመምጣቱ በፊት አልጌው በጠርሙስ፣ በመብራትና በአየር ይራባል። ከዚያ በማይክሮስኮፕ ተቆጥሮ ይሰጣል። ካነሰ ይራባሉ፤ ከበዛ ውኃው ይበላሻል። አራስ ቤት አጥሚት ቀድሞ እንደሚዘጋጀው በሉት። ግን ወጪው ከባድ ነው።

እዚህ ላይ ኢላት ትመጣለች። በዚያ ያለው ብሔራዊ የባሕር እርባታ ማዕከል ተመራማሪዎች፣ እነ ሙኪ ሽፒገልና አሚር ኔኦሪ፣ ነገሩን ገልብጠው አዩት። ከዓሣ ኩሬ የሚወጣው ቆሻሻ ውኃ አልጌን ያሳድጋል፤ ኦይስተሩ አልጌውን ይበላል፤ የተረፈውን ደግሞ የባሕር አረም ይመጠዋል። ውኃው ጠርቶ ይወጣል። ይህን ሞዴል በ1993 አሳተሙት።

በ2008 ግን ከኢላት ባሕር የዓሣ ማርቢያ መረቦች እንዲነሡ ተደረገ፤ ቆሻሻቸው ኮራሉን ይጎዳል ተብሎ ተሰግቶ ነበር። መረቦቹ የተዘረጉት በክፍት ባሕር ስለነበር የኩሬው ዘዴ አልደረሰላቸውም።

ዛሬ ከአሽዶድ ዳርቻ ወጣ ብሎም ዓሣ በመረብ ይረባል። ያ ዓሣ ኮሸር ነው፣ እንበላዋለን። ስለዚህ ከሥሩ የሚወርደው ነገር ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ የኛም ጉዳይ ነው። የማንበላው ኦይስተር ያስተማረን ይሄንን ነው፦ የአንዱ ትርፍ ለሌላው ምግብ ይሆናል፣ አስቀድሞ ያሰበበት ሰው ካለ።