ጥፋቱ የቺዙ ነው

ስለ ቀደምት የጋዜጣ ካርቱኖች ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው "ቢጫው ልጅ" ነው። ሪቻርድ አውትኮልት እ.ኤ.አ. በ1895 በፑሊትዘር "ወርልድ" ጋዜጣ ላይ አወጣው፤ በዓመቱ ኸርስት ሠዓሊውን በገንዘብ አስኮበለለ፤ "ቢጫ ጋዜጠኝነት" የሚለው ስያሜም ከዚሁ ግብግብ ተረፈ። የዚያን ዘመን ከተሜ ጭንቀት ማየት ለሚፈልግ ግን የተሻለ ካርቱን አለ።

በመስከረም 1904 "ኢቭኒንግ ቴሌግራም" የተባለው የኒው ዮርክ የማታ ጋዜጣ የዊንዘር ማኬይን ሥዕሎች "ሳይለስ" በሚል የብዕር ስም ማተም ጀመረ። ቋሚ ገጸ ባሕርይ የላቸውም። የማይለወጠው እራቱ ነው፦ አንድ ሰው ዳቦ ላይ የቀለጠ ቺዝ (የእኛን ለስላሳ አይብ እንዳታስቡ፤ ይሄኛው ሆድ ላይ ድንጋይ የሚሆን ነው) በልቶ ይተኛል፣ ይቃዣል፣ በመጨረሻው ሥዕል ላይ ባንኖ "ሁለተኛ አልነካውም" ብሎ ይምላል።

ቅዠቶቹ የዋዛ አይደሉም። የአንዲት ሴት የአዞ ቆዳ ቦርሳ ነፍስ ዘርቶ ይበላታል። መንገድ የሚሻገር ሰውዬ በተሽከርካሪ ይቆራረጣል። በ1905 በወጣ አንዱ ደግሞ አንባቢው ራሱ ሬሳ ሣጥን ውስጥ የተጋደመ ያህል ሁሉንም ከታች ወደ ላይ ያያል። ለቀስተኞቹ ቁልቁል እያዩት ሟቹን ያሙታል። ከዚያ አፈሩ ይመጣል።

ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አልነበረም። ካርቱኑ ከመጀመሩ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ ለሽርሽር የወጡ ሰዎችን የጫነችው "ጄኔራል ስሎከም" መርከብ በከተማዋ ኢስት ሪቨር ላይ ተቃጥላ ከ1,000 በላይ ሰው አልቋል፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በጥቅምት ደግሞ የምድር ውስጥ ባቡሩ ተከፈተ፤ ኒው ዮርካዊው ሥራ ለመድረስ መሬት ውስጥ መግባት ጀመረ።

የማኬይ ሰዎች ግን ሲነቁ የሚረግሙት መንገዱን ወይም አለቃቸውን ሳይሆን ቺዙን ነው። "ሕልም እንደ ፈቺው ነው" ይባላል፤ እዚህ ፈቺው ጨጓራ ነው። ብልጠቱም ይኸው ነው። አንባቢው "ፈርቻለሁ" ሳይል በፍርሃቱ ይስቃል፤ ጋዜጣውም ማንንም ሳያስቀይም ይሸጣል።

የፍሮይድ የሕልም መጽሐፍ በእንግሊዝኛ የወጣው በ1913 ነው። ከዚያ ዓመታት ቀደም ብሎ አንባቢዎች የገዛ ቅዠታቸውን ለማኬይ ይልኩለት ነበር፤ እሱም ስማቸውን ከሥዕሉ ጋር እየጻፈ ያመሰግናቸው ነበር።