ከሳን ሲቲ እስከ ዌምብሌይ፦ የኩዊን ዘጠኝ ወራት

ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። ለንደን ውስጥ ዌምብሌይ ስታዲየም 72 ሺህ ሰው ታጭቆ ዋለ፤ ከውቅያኖሱ ማዶ ፊላደልፊያ ላይ ደግሞ ወደ 90 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ። ሁለቱን ስታዲየሞች በሳተላይት አገናኝቶ ለዓለም የተሠራጨው ያ ኮንሰርት «ላይቭ ኤድ» ይባላል። የተዘጋጀው በእኛው በሰባ ሰባቱ ረሃብ ምክንያት ነው። አርባኛ ዓመቱ በ2017 ዓ.ም. ሞልቷል። ከዚያ ቀን ሁሉ ተመዝዞ እስካሁን የሚወራው ግን ኩዊን የተባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ መድረክ ላይ የቆየባት 21 ደቂቃ ናት።

የወሬው ፍሬ ነገር ይታወቃል። ባንዱ ፈርሶ ነበር፣ ላይቭ ኤድ አስታረቃቸው፣ እንደገና ተነሡ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው «ቦሂሚያን ራፕሶዲ» ፊልም ይህንኑ አሳምሮ ነገረን። ለፊልም ይመቻል፤ ነገር ግን ከዌምብሌይ በፊት በነበሩት ዘጠኝ ወራት ባንዱን ያስጨነቀውን ጉዳይ ይዘለዋል። (ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ዓመታት፣ የእኛ ናቸው ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለማያውቋቸው አጠር ላድርገው። ኩዊን የተመሠረተው በ1970 ለንደን ውስጥ ነው። ጊታሪስቱ ብራያን ሜይ የሥነ ፈለክ ተማሪ ነበር፤ ከበሮ መቺው ሮጀር ቴይለር የጥርስ ሕክምና ትምህርት ጀምሮ የተወ። ድምፃዊው ፍሬዲ ሜርኩሪ ዛንዚባር ውስጥ ከፓርሲ ቤተሰብ የተወለደ ልጅ ነው፤ ቤተሰቦቹ ያወጡለት ስም ፋሩክ ቡልሳራ ነበር። ቤዝ ጊታሪስቱ ጆን ዲከን በማግሥቱ ዓመት ተቀላቀላቸው። በ1975 ስድስት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት የቀረውን «ቦሂሚያን ራፕሶዲ»ን፣ ለሬዲዮ ይረዝማል እየተባሉ በነጠላ አወጡት፤ እንግሊዝ ውስጥ 9 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ተቀመጠ። በ1980 አሜሪካን ያዙ፣ በ1981 የደቡብ አሜሪካን ስታዲየሞች ሞሉ። በ1982 ዳንስ ዳንስ የሚለው «ሆት ስፔስ» አልበም የሮክ አፍቃሪውን አስኮረፈ። «ዘ ዎርክስ» በ1984 ሲወጣ አውሮፓ መልሶ ተቀበላቸው፤ አሜሪካ ግን አራቱም የሴት ልብስ ለብሰው የሠሩትን ክሊፕ አይታ ፊቷን አዞረች።

ነገሩ የተበላሸው በዚያው ዓመት በኦክቶበር ነው። ኩዊን ደቡብ አፍሪካ ሄደው ሳን ሲቲ ላይ ተጫወቱ።

ሳን ሲቲ ባለሀብቱ ሶል ከርዝነር በ1979 የከፈተው የቁማርና የመዝናኛ መንደር ነው። ቦታው በወረቀት ደረጃ ደቡብ አፍሪካ አልነበረም። የአፓርታይድ መንግሥት በ1977 «ነፃ አገር ናት» ብሎ ያወጃት ቦፑታትስዋና የምትባል ግዛት ናት፤ ከፕሪቶሪያና ከመሰል ፈጠራ አገሮች በቀር ዕውቅና የሰጣት የለም። ዘዴው ግልጽ ነበር። ጥቁሩን በየጎሣው ቁራሽ መሬት ከልሎ አገርህ ያውልህ ማለት፣ ከዚያ የደቡብ አፍሪካ ዜግነቱን መግፈፍ። ለነጩ ደግሞ በገዛ አገሩ ሕግ የተከለከለው ቁማር እዚያ ስለሚፈቀድ፣ ቅዳሜና እሑድ ሲደርስ መኪናውን አስነሥቶ «ውጭ አገር» ደርሶ ይመለሳል።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ አርቲስቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ እንዳይሄዱ ጥሪ ካቀረበ ያኔ አራት ዓመት ሊሆነው ነው። የድርጅቱ የፀረ አፓርታይድ ኮሚቴ ጥሪውን የጣሱትን ስም እየመዘገበ ያወጣ ነበር። የእንግሊዝ ሙዚቀኞች ማኅበርም አባላቱን አትሂዱ ብሏል። ሳን ሲቲ ግን ጥሩ ይከፍላል፤ ፍራንክ ሲናትራም፣ ሮድ ስቱዋርትም፣ ኤልተን ጆንም ሄደዋል። ኩዊን ሲሄዱ የፍሬዲ ጉሮሮ ከዳውና ከፊሉ ትርዒት ተሰረዘ። ሲመለሱ ማኅበራቸው የገንዘብ ቅጣት ጣለባቸው፤ ስማቸው የመንግሥታቱ ድርጅት መዝገብ ላይ ሰፈረ። ብራያን ሜይ ማኅበሩ ፊት ቀርቦ ተከራክሯል። እኛ ፖለቲከኞች አይደለንም፣ አፓርታይድን እንቃወማለን፣ የተጫወትነውም ነጭና ጥቁር ሳይለይ ለመጣው ሁሉ ነው የሚል ነበር መልሳቸው። አዳራሹ በቆዳ ቀለም አልተከፈለም፤ ይህን እቀበላለሁ። ትኬቱን መግዛት የሚችለው ማን እንደነበር ለማወቅ ግን ነቢይ መሆን አያሻም።

ኩዊን ከሳን ሲቲ ጓዛቸውን በጠቀለሉበት ሰሞን፣ ኦክቶበር 23፣ በእኛ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ የቢቢሲው ማይክል በርክ የኮረምን መጠለያ ለዓለም አሳየ። ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነው። አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ በሰልፍና በመብራት ካከበረች ገና ወር ቢያልፍ ነው፤ ወሎ ደግሞ ሬሳውን በነጠላ እየጠቀለለ በመደዳ ያስተኛል። አየርላንዳዊው ቦብ ጌልዶፍ ያን ዘገባ ቤቱ ቁጭ ብሎ አይቶ ነው የተነሣው። ኖቬምበር 25 የእንግሊዝን ዘፋኞች ስቱዲዮ ሰብስቦ የገና ዘፈኑን ሲያስቀርጽ ኩዊን በመካከላቸው አልነበሩም።

አሁን ወደ ፊልሙ እንመለስ። በፊልሙ ፍሬዲ ከጓደኞቹ ተደብቆ ለብቻው ውል ይፈርማል፣ ባንዱ ይፈርሳል፣ በኋላ ለላይቭ ኤድ ይታረቃሉ፤ ኤች አይ ቪ እንዳለበትም ከመድረኩ በፊት ይነግራቸዋል። የጉዞ መዝገባቸው ሌላ ነው የሚለው። በ1985 ጃንዋሪ ሪዮ ዴ ጃኔሮ ላይ ሁለት ሌሊት ተጫወቱ፤ በኤፕሪል ኒውዚላንድና አውስትራሊያ፣ በሜይ ጃፓን። የመጨረሻው ኮንሰርት ኦሳካ ላይ ሜይ 15 ነው፤ ከዌምብሌይ ሁለት ወር እንኳ አይሞላም። ብቻውን አልበም በማውጣትም የመጀመሪያው ፍሬዲ አይደለም፤ ሮጀር ቴይለር በ1981 ቀድሞታል። ሕመሙን በተመለከተ አብሮት የኖረው ጂም ሃተን በማስታወሻው የጻፈው በ1987 እንደታወቀ ነው፤ እኔም የቤት ሰው ቃል ይበልጥብኛል። ስለዚህ በዚያ ዓመት ባንዱ አልተበተነም። ደክሞታል፣ አሜሪካ አኩርፋዋለች፣ ከሁሉ በላይ ስሙ ጎድፏል። ኒውዚላንድ ሲያርፉ የተቀበሏቸው አድናቂዎች ብቻ አልነበሩም፤ አፓርታይድን የሚቃወሙ ሰልፈኞችም ወጥተዋል።

የጌልዶፍ ግብዣ የደረሳቸውም እዚያው ኒውዚላንድ ሳሉ ነው። መልእክተኛው ኪቦርድ ተጫዋቹ ስፓይክ ኤድኒ ነበር፤ ቀድሞ ከጌልዶፍ ባንድ ጋር የሠራ ሰው ነው። መጀመሪያ አመነቱ። ከሥራ አስኪያጃቸው ከጂም ቢች ጋር በስልክ ብዙ ተወራ፣ በመጨረሻም እሺ አሉ።

እሺ ካሉ በኋላ ያደረጉት ነው የሚገርመው። ኪንግስ ክሮስ አካባቢ ሾው ቲያትርን ተከራይተው ሰዓት እየያዙ ተለማመዱ። ለያንዳንዱ የተሰጠው ጊዜ 20 ደቂቃ ገደማ ነበር፤ ሌላው አዲስ ዘፈኑን ለማስተዋወቅ ሲያስብ፣ እነሱ ሕዝቡ በቃሉ የሚያውቀውን ብቻ እየቆረጡ ቀጣጠሉት። «ቦሂሚያን ራፕሶዲ»ን እንኳ ግማሹን ጣሉት።

ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ41 ላይ፣ የፖሊስ ልብስ የለበሱ ሁለት ኮሜዲያን አስተዋወቋቸው። ፀሐይ ገና አልገባችም፤ ጭስና የመብራት ጨዋታ አይሠራም። ፍሬዲ ነጭ እጅጌ አልባ ካናቴራና ጂንስ ለብሶ፣ ክንዱ ላይ ባለ ጉጥ የቆዳ አምባር አስሮ በሩጫ ወጣና ፒያኖው ላይ ተቀመጠ። በፒያኖው ላይ የወረቀት ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። ከዚያ ያቺን እግር የሌላትን ግማሽ የማይክ ዘንግ አነሣ፤ በወጣትነቱ መድረክ ላይ እጁ ላይ ተሰብራ ቀርታ፣ ወዶአት ልማድ ያደረጋት ናት። «ሬዲዮ ጋ ጋ» ላይ ያ ሁሉ ሰው እጁን ከራሱ በላይ አንሥቶ እኩል ሲያጨበጭብ ይታያል። ብራያን ሜይ እንደሚለው ትኬቱ የተሸጠው የእነሱ ስም ሳይነገር ነው፤ የመጣው የእነሱ ሰው አልነበረም።

የድምፁ ነገር እስካሁን ያከራክራል። የባንዱ የድምፅ ባለሙያ ለሁሉም የተደረገውን የድምፅ ገደብ በዘዴ አልፎታል፣ ከሌሎቹ ይልቅ የጎሉት ለዚህ ነው ይባላል፤ ሮጀር ቴይለርም ነገሩን እየሳቀ ያወራዋል። እኔ ለሾው ቲያትሩ ልምምድ ነው የማደላው።

እነሱ ወርደው ዴቪድ ቦዊ ወጣ፤ ከእሱ ቀጥሎ የካናዳ ቴሌቪዥን ያነሣው የረሃብ ፊልም በዌምብሌይ ስክሪኖች ታየ። በፊልሙ ሞት አፋፍ ላይ የምትታየው የትግራይ ሕፃን ብርሃን ወልዱ ድና፣ አድጋ፣ በ2005 ለንደን ሃይድ ፓርክ በተዘጋጀው «ላይቭ 8» መድረክ ላይ ከማዶና ጎን ቆማለች። ከላይቭ ኤድ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደተሰበሰበ ይነገራል።

የኩዊን የቆዩ አልበሞችም በላይቭ ኤድ ማግሥት እንደገና ይፈለጉ ጀመር። በቀጣዩ ዓመት ዌምብሌይን ሁለት ሌሊት ለብቻቸው ሞሉ፤ ስለ ሳን ሲቲ የሚጠይቃቸውም እየቀነሰ ሄደ። ፍሬዲ በ1991 ኖቬምበር ዐረፈ። በ2003 ብራያን ሜይና ሮጀር ቴይለር ኬፕ ታውን ተገኝተው ለኔልሰን ማንዴላ የኤድስ ዘመቻ ተጫወቱ፤ በ2008 ደግሞ ሃይድ ፓርክ ላይ ለማንዴላ 90ኛ የልደት በዓል። ሁለቱ የሙዚቃውን ዝግጅት በበላይነት የመሩለት ፊልምም ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶ 4 ኦስካር ወስዷል፤ ሳን ሲቲ የለበትም።

ዘፋኝ የት መድረክ ላይ ወጣ፣ ማን ከፈለው፣ ለማን ዘፈነ የሚለው ሙግት እኛም ዘንድ ዛሬ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በየፌስቡኩ ነው። ቦፑታትስዋና በ1994 ከካርታ ተፍቃለች። ሳን ሲቲ አሁንም ሆቴሉም ቁማሩም ክፍት ነው፤ ዛሬ እዚያ ሄዶ የሚዘፍን ሰው የማንም መዝገብ ላይ አይሰፍርም።