የደብረ ኤልያስ ቅኔ መድረክ ላይ ሲወጣ

ሞልየር በ1668 (በፈረንጆቹ) ባቀረበው የንፉጉ ሰውዬ ተውኔት፣ ብሩ የተሰረቀበት ሀርፓጎን ገንዘቡን እንደተለየው ወዳጅ እየጠራ ያለቅሳል። የእኛው ቀኝጌታ ዮፍታሔ ንጉሤም፣ ያው የደብረ ኤልያሱ የቅኔ ተማሪ፣ አንዱን ተውኔቱን «የሆድ አምላኩ ቅጣት» ብሎታል። እዚያ ብር ወዳጅ፣ እዚህ ሆድ አምላክ! ምንጩ የጳውሎስ መልእክት ነው፤ የቤተ ክህነት ተማሪ ወዲያው ይለየዋል።

ከባዱ ነገር ግን ሌላ ነው። ቅኔ ቤት ወርቁ ካልገባችሁ መምህሩ ይፈታላችኋል። ቴአትር ላይስ? እናንተ ስታስቡ ተዋናዩ ሌላ ንግግር ጀምሯል። ስለዚህ ሰሙ መሳሳት አለበት። በእኛ በመሐንዲሶቹ ቋንቋ፣ መልእክቱ አንዴ ብቻ ይላካል፣ ድገምልኝ የለም።

«አፋጀሽኝ» የሚለውን የተውኔት ርእሱን እዩት። ላይ ላዩን የሴት ስም ይመስላል፤ ጠጋ ሲሉት ግን ክስ ነው፦ አንቺ ነሽ ከሰው ያፋጀሽኝ። መጋረጃው ሳይከፈት ቅኔው ተጀምሯል።