ሁለት ሕመሞች በአንድ ግቢ

የበሽታ ታሪክ የስምም ታሪክ ነው። አንዳንዱ ደዌ ስም ተርፎት ይኖራል፤ ሌላው ስም ሳያገኝ ሰውን ይዞ ይቀበራል።

የሚጥል በሽታ ከመጀመሪያዎቹ ወገን ነው። ግሪኮች «መያዝ» ከሚለው ግስ ስም አወጡለት፤ ሮማውያን «የመውደቅ ደዌ» አሉት፤ የእኛም ሰው ያየውን ይዞ «የሚጥል» ብሎ ሰየመው። መልቲፕል ስክለሮሲስ ግን ለብዙ ዘመን ስም አልባ ነበር። የእንግሊዙ ንጉሥ የሣልሳዊ ጆርጅ የልጅ ልጅ ኦገስተስ ዴስቴ፣ እ.ኤ.አ. በ1822 የጀመረውን የዓይኑን መፍዘዝና ኋላም የእግሩን መክዳት በማስታወሻው አሰፈረ፤ በ1848 ሲሞት ግን የሕመሙን ስም አልሰማም።

ስሙ በ1868 ከፓሪሱ ሳልፔትሪየር ሆስፒታል መጣ። ዣን ማርቲን ሻርኮ በሕይወት ሳሉ ያከማቸውን ሕሙማን ከሞቱ በኋላ አንጎላቸውንና ሕብለ ሰረሰራቸውን እየመረመረ፣ ተበታትነው የጠነከሩትን ጠባሳዎች ከምልክቶቹ ጋር አዛመደ። በዚያው ግቢ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሴቶችም ይኖሩ ነበር፤ እነርሱንም ያከመ እርሱ ነው። ሁለቱም ሕመም ያለባት ሴት በመካከላቸው ኖራ ይሆን? ኖራ ከሆነስ በየትኛው አዳራሽ አስተኟት?

ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ አጋጣሚ ነው ወይስ ዝምድና የሚለው ክርክር ለረጅም ጊዜ ዘለቀ። ምክንያቱ ወዲህ ነው፦ የመልቲፕል ስክለሮሲስ ጠባሳ ጎልቶ የሚታየው በአንጎል ነጭ ክፍል ውስጥ ነው። መጣሉ ግን የሚነሣው ከግራጫው የአንጎል ቅርፊት፣ ሕዋሳቱ በአንድነት ያለልክ የኤሌክትሪክ ምልክት ሲለቁ ነው። በዚያ ያለው ጠባሳ ደብዛዛ ስለሆነ ከዓይን ያመልጣል፤ የተለመደው የኤም.አር.አይ. ምስልም ብዙውን ይስታል። በ1962 ብራውኔልና ሂዩዝ የሃያ ሁለት ሟቾችን አንጎል መርምረው፣ ከጠባሳዎቹ ሩብ ያህሉ ግራጫውን ክፍል እንደሚነካ አሳዩ። ዛሬ መልቲፕል ስክለሮሲስ ካለባቸው ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት ያህሉን መጣል እንደሚያገኛቸው፣ ይህም ከሌላው ሰው በጥቂት እጥፍ እንደሚበልጥ ይታወቃል።

ቀኑን ሒሳብ ሳመሳክር የምውል ሰው ነኝ። ሁለት መዝገቦች ለየብቻቸው ትክክል መስለው ዓመታት ሊቆዩ ይችላሉ፤ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ብቻ አያስታርቃቸውም። በሳልፔትሪየርም የሆነው ይኸው ይመስለኛል። ሐኪሞች ሕመሙን በሁለት ስም መዘገቡት፤ የተሸከመው ገላ ግን አንድ ነበር።